የቫሳ የጦር መርከብ ምስክርነት

በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም፣ ዩርጎርደን በተባለችው ደሴት ዳር፣ በጣራው ላይ የሦስት የመርከብ ምሰሶዎች ቅርጽ የተተከለበት አንድ ቤተ መዘክር ይታያል። በውስጡ የተቀመጠችው ቫሳ የተባለች የእንጨት የጦር መርከብ ናት። ቫሳ በ1628 ዓ. ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራዋን ዘርግታ ከወደብ በወጣችበት ዕለት 1,300 ሜትር ያኽል ብቻ ተጕዛ ሕዝብ እያያት ሰጠመች። ከዚያም 333 ዓመት በባሕር ውስጥ ከኖረች በኋላ በ1961 ዓ. ም. ተነሥታ ከውኃ ወጣች። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የ1628ቱ ቀኖች ግን ስዊድን በዚያን ዘመን ትከተለው በነበረው በዩልዮስ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ወደዚህ ቤተ መዘክር የሚመጣው ጐብኚ በብዛት የሚደነቀው በመርከቧ ግዙፍነትና በቅርጻ ቅርጿ ውበት ነው። ለታሪክ መርማሪ ግን ቫሳ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላት። መርከቧ በሰጠመች ጊዜ የስዊድን መንግሥት ጥፋተኛውን ለማወቅ ምርመራ አድርጎ ነበር፤ ምርመራውም በአንድ ሰው ላይ እንኳ ሳይፈረድ ተዘጋ። የተጠየቁት ሰዎች ራሳቸውን ከጥፋት ለማራቅ የሚናገሩ ስለ ነበሩ፣ ቃላቸው በጽሑፍ ቢቀርም እውነቱ በጽሑፉ ውስጥ ሙሉ ሆኖ አልተገኘም። ያልተጠየቀው ምስክር የመርከቧ አካል ነበረ፤ እርሱም በ32 ሜትር ጥልቀት ተኝቶ ነበር። እንጨቱ ከወጣ ወዲህ የተደረገው ጥናት የሚያስተምረን፣ ጽሑፍ ብቻውን በማይበቃበት ስፍራ ሰው በእጁ የሠራው ዕቃ ምን ያኽል እንደሚመሰክርና፣ ይህም ምስክርነት እንዲሰማ ዕቃው በሌላ ሳይተካ ራሱ ተጠብቆ መኖር የሚገባው መሆኑን ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስዊድን በሕዝብ ብዛትም በሀብትም እምብዛም ያልነበረች አገር ስትሆን፣ ንጉሧ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ግን የባልቲክን ባሕር ዳርቻ በእጁ ለማድረግ ይጣጣር ነበር። ዋናው ባላንጣው የፖላንድ ንጉሥ ሣልሳዊ ሲጊስሙንድ ነበረ። ሲጊስሙንድ የጉስታቭ አዶልፍ የአጎት ልጅ፣ ከዚያም ቀደም የስዊድንን ዘውድ ጭኖ የነበረና በ1599 ዓ. ም. የተሻረ ስለ ሆነ፣ ጠቡ የሁለት መንግሥታት ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብም ጠብ ነበር። ቫሳ የሚለው ስም የሁለቱ ነገሥታት የጋራ የዘር ስም ነው፤ የቤተ ሰቡም አርማ የእህል ነዶ ነበር። እንግዲህ በዚህ ስም የተጠራች የጦር መርከብ ወደ ፖላንድ ባሕር ስትላክ፣ ከመድፎቿ ሌላ የዙፋን ይገባኛል ክርክርም ተሸክማ ነበር ማለት ነው።

በ1625 ዓ. ም. በጃንዋሪ ወር ንጉሡ የሆላንድ ተወላጅ ከሆነው ከመርከብ ሠሪው ከሄንሪክ ሂበርትሰንና ከንግድ ባልንጀራው ከአረንት ደ ግሮት ጋር አዳዲስ መርከቦች እንዲሠሩለት ውል ተዋዋለ። በዚያው ዓመት 10 የስዊድን የጦር መርከቦች በሪጋ የባሕር ሰላጤ በማዕበል ስለ ጠፉ የንጉሡ ችኮላ በረታ። ሂበርትሰን ግን ሥራውን ሳይፈጽም ታመመና በ1627 ዓ. ም. ሞተ። የአናጢዎቹ አለቅነት ወደ ረዳቱ ወደ ሄይን ያኮብሰን ሲተላለፍ፣ የውሉን ጉዳይ የሟቹ ሚስት ማርጋሬታ ኒልስዶተር ትመራው ጀመር። ስለዚህ ቫሳን የጀመራትና የፈጸማት አንድ ሰው አልነበረም።

በዚያን ዘመን የመርከብ ሥራ ጥበብ በሒሳብና በተሟላ ንድፍ ላይ የተመሠረተ ሳይሆን፣ ከመምህር ወደ ረድእ በቃልና በእጅ የሚተላለፍ ነበር። አንዲት መርከብ ነፋስ ሲያጋድላት ተመልሳ ቀና እንደምትል ወይም እንደማትል አስቀድሞ በቍጥር የሚታወቅበት ዘዴ ገና አልተገኘም፤ ይህ ዘዴ የተገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። አናጢው የሚመራው ከዚህ ቀደም በሠራቸውና ደኅና በተጓዙት መርከቦች ልክ ነበር። ቫሳ ግን ብዙ ከባድ መድፍ በሁለት ደርብ እንድትሸከም የታሰበች ስለ ሆነች፣ የቀድሞው ልምድ ሙሉ መሪ ሊሆናት አልቻለም።

መርከቧ በተፈጸመች ጊዜ፣ ከፊቷ ተዘርግቶ ከሚወጣው ምሰሶ ጫፍ እስከ ኋላዋ ያለው ርዝመት 69 ሜትር፣ ስፋቷ 11.7 ሜትር፣ ከታች እስከ ዋናው ምሰሶ ጫፍ ያለው ከፍታ 52.5 ሜትር ነበር። ለሥራዋ ኦክ ከሚባለው ጠንካራ ዛፍ ከ1,000 የሚበልጥ ተቈርጧል። የተጫኑባት መድፎች 64 ሲሆኑ፣ ከነዚህ 48ቱ እያንዳንዳቸው 24 ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተኵሱ ነበሩ። እንዳትንገዳገድም በሆዷ 120 ቶን ያኽል ድንጋይ ተደርድሮባት ነበር። የድንጋዩን ብዛት ለመጨመር ደግሞ አስቸጋሪ ነበር፤ ድንጋይ በተጨመረ ቍጥር መርከቧ ዝቅ ስለምትል የታችኛው ደርብ የመድፍ መስኮቶች ወደ ውኃው ይጠጉ ነበርና። እንግዲህ መድኃኒቱ ራሱ አደጋ የሚያመጣ ሆነ።

ቫሳ ከመጓዟ በፊት ሚዛኗ ተፈትኖ ነበር። ምክትል አድሚራል ክላስ ፍሌሚንግ ባለበት 30 ሰዎች በወለሏ ላይ ከአንዱ ጐን ወደ ሌላው ጐን እንዲሮጡ ተደረገ። ሦስት ጊዜ ከሮጡ በኋላ መርከቧ እጅግ ስለ ተወዛወዘች፣ ትገለበጣለች ተብሎ ስለ ተፈራ ፈተናው እንዲቆም ታዘዘ። ንጉሡ በዚያን ጊዜ በፕሩሲያ በጦር ሜዳ ነበረ፤ መርከቧም ሳትዘገይ እንድትሰለፍ በደብዳቤ ይወተውት ነበር። አደጋውን በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ጉዞው ይቅር ለማለት አልደፈሩም።

በኦገስት 10 ቀን 1628 ዓ. ም. ከሰዓት በኋላ ቫሳ ከቤተ መንግሥቱ በታች ካለው ወደብ ተነሣች። በመርከቧ ላይ 150 ያኽል ሰዎች ነበሩ፤ እንዲሳፈሩ የታሰቡት 300 ወታደሮች ገና አልገቡም ነበር። ከ10 ሸራዎቿ 4ቱ ብቻ ተዘርግተው፣ የመድፍ መስኮቶቿም ተከፍተው ነበር። የነፋስ ግፊት ባገኛት ጊዜ ወደ ግራ ጐኗ አዘነበለች፤ ጥቂት ቀና ካለች በኋላም ሌላ ነፋስ መጥቶ ፈጽሞ አጋደላት። ውኃው በታችኞቹ መስኮቶች እየጐረፈ ገባ። ቫሳም ሸራዋ እንደ ተዘረጋ፣ ሰንደቅ ዓላማዋም እንደ ተሰቀለ፣ ቤክሆልመን ከተባለችው ደሴት አጠገብ ወደ ባሕሩ ወለል ወረደች። 30 ያኽል ሰዎችም ከእርሷ ጋር ሞቱ።

የመርከቧ አዛዥ ሰፍሪንግ ሃንስሰን ወዲያው ታሰረ። ዋናው ምርመራ በሴፕቴምበር 5 ቀን በቤተ መንግሥቱ ተደረገ። መድፎቹ በሚገባ አልታሰሩም ነበርን? መርከበኞቹስ ሰክረው ነበርን? እየተባለ ተጠየቀ። ከመርከቧ የተረፉት ሹማምት መድፎቹ ታስረው እንደ ነበሩ፣ የሰከረም ሰው እንዳልነበረ አስረድተው፣ ጥፋቱን ወደ መርከቧ አሠራር አመለከቱ። ከመርከቧ ሹማምት አንዱ የሆነው ዮራን ማትሰንም ስለ 30ዎቹ ሰዎች ሩጫ ገለጠ። ያኮብሰን በበኩሉ መርከቧ የተሠራችው ንጉሡ በፈቀደው ልክ መሆኑን፣ እንዲያውም እርሱ ራሱ ስፋቷን እንደ ጨመረ መለሰ። አረንት ደ ግሮት ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ፣ ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው የሚል መልስ ሰጠ። እንግዲህ ነገሩ ወደ ሁለት ሰዎች ደረሰ፤ ልኩን ወደ ፈቀደው ወደ ንጉሡና ሥራውን ወደ ጀመረው ወደ ሟቹ ሂበርትሰን። አንዱ የማይከሰስ፣ ሁለተኛው የማይጠየቅ ስለ ሆኑ ምርመራው ያለ ፍርድ ቀረ።

ለመንግሥቱ ከመርከቧ ዋጋ ያላቸው ዕቃዎች መድፎቿ ነበሩ። በ1660ዎቹ አልብሬክት ፎን ትራይሌበንና አንድሬያስ ፔኬል የተባሉ ሰዎች፣ በደወል ቅርጽ በተሠራ የመጥለቂያ ዕቃ እየተጠቀሙ፣ ከ50 የሚበልጡ መድፎች አስወጡ። ጠላቂው በደወሉ ውስጥ ቆሞ ከላይ የታመቀውን ጥቂት አየር እየተነፈሰ፣ በቀዝቃዛና በጨለማ ውኃ ውስጥ ያን የመሰለ ክብደት ፈትቶ ማስወጣቱ ለዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ነው። መድፎቹ ከወጡ በኋላ ግን መርከቧን የሚፈልጋት ስለ ጠፋ የሰጠመችበት ስፍራ ተረሳ።

በ20ኛው መቶ ዓመት አንደርስ ፍራንሴን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ አንድ ነገር አስተዋለ። በውቅያኖስ የሰጠመውን እንጨት ቦርቡሮ የሚያጠፋው የመርከብ ትል ጨው ባነሰበት በባልቲክ ውኃ ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ በሌላ ባሕር የሚጠፋው እንጨት በዚያ ሳይበላ ሊቈይ ይችላል። ፍራንሴን መዛግብትን እየመረመረ በጀልባ ሲፈልግ ቆይቶ፣ በኦገስት 25 ቀን 1956 ዓ. ም. ወደ ባሕሩ ወለል ያወረደው የናሙና ማውጫ ብረት የጠቈረ የኦክ ቍራጭ ይዞ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ፔር ኤድቪን ፌልቲንግ የተባለው ጠላቂ ወርዶ፣ በጨለማው ውስጥ በእጁ እየዳሰሰ፣ ሁለት ረድፍ የመድፍ መስኮቶች ማግኘቱን አስታወቀ። ሁለት ረድፍ መኖሩም መርከቧ ቫሳ ለመሆኗ ምልክት ሆነ።

የስዊድን ባሕር ኃይል ጠላቂዎች ከመርከቧ ሆድ በታች በውኃ ግፊት 6 ዋሻዎች ቈፍረው በውስጣቸው ወፍራም የብረት ገመድ አሳለፉ። በ1959 ዓ. ም. መርከቧ ከጭቃው ተላቅቃ፣ በውኃ ውስጥ እንዳለች፣ በ18 ጊዜ መንቀሳቀስ ጥልቀቱ ወዳነሰ ስፍራ ተወሰደች። እዚያም ዝገት የበላው ብሎን ትቶት የሄደው ቀዳዳ ሁሉ ተደፈነ። በኤፕሪል 24 ቀን 1961 ዓ. ም. አካሏ ከውኃው በላይ ታየ፤ በሜይ 4 ቀንም በራሷ ተንሳፍፋ ወደ መርከብ መጠገኛው ገባች። ፔር ሉንድስትሮም የሚመራቸው የአርኬኦሎጂ ባለሙያዎች ጭቃዋን እየጠረጉ ያገኙትን ሁሉ እየመዘገቡ አወጡ፤ ከአካሏ ተለያይተው የተገኙት የእንጨት ክፍሎችና ዕቃዎች ከ14,000 ይበልጣሉ።

ለብዙ ዘመን ውኃ የጠጣ እንጨት በድንገት ቢደርቅ ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃልም። ይህ እንዳይደርስ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ሰም መሳይ ነገር በውኃ እየተበጠበጠ ለ17 ዓመት፣ ማለት ከ1962 እስከ 1979 ዓ. ም.፣ ተረጨባት፤ ከዚያም 9 ዓመት ያኽል ቀስ በቀስ እንድትደርቅ ተደረገ። ዛሬ ያለችበት ቤተ መዘክር ለሕዝብ የተከፈተው በ1990 ዓ. ም. ነው።

ጐብኚው ከመግቢያው ሲያልፍ አዳራሹ ደብዛዛ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ ብርሃን ሲበዛ ዕቃውን ስለሚጐዳ ነው። በየፎቁ እየወጣ መርከቧን ከሆዷ ጀምሮ እስከ ላይኛው ወለሏ ትይዩ ሊመለከታት ይችላል፤ ወደ ውስጧ ግን አይገባም። ከፊቷ የሚዘል አንበሳ፣ ከአጠገቡም የሮም ቄሣሮች ምስሎች በተራ ቆመዋል። በኋላዋ የመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን ወታደሮች ተቀርጸዋል፤ ቍጥራቸው ጥቂት ሆኖ ብዙውን የምድያም ሠራዊት ያሸነፉት ሰዎች የጥቂቷ ስዊድን ምሳሌ ይሆኑ ዘንድ ተመርጠዋል። ከፊት በኩል፣ ከፍ ብለው ከሚታዩት ቅርጾች በታች፣ የፖላንድ መኳንንት ልብስ የለበሰ ሰው ከጠርብ በታች ተጐንብሶ ይታያል። የዚህ ሁሉ ቅርጽ ትርጕም ግልጥ ነው፤ ማንበብ የማይችል መርከበኛም ንጉሡ ስለ ራሱና ስለ ጠላቱ የሚለውን በዓይኑ እንዲያነበው የተዘጋጀ የመንግሥት ቃል ነው። ይህ መርከቧ እንድትናገር የታዘዘችው ነው። ከዚህ በታች የሚነገረው ግን ሠሪዎቿ ሳያስቡት የተናገረችው ነው።

ስለ ቫሳ ሲነገር ከኖረው አንዱ፣ መርከቧ በአንድ የመድፍ ደርብ ተጀምራ ሳለ ንጉሡ በመካከል ሁለተኛ ደርብ እንዲጨመርባት ስላዘዘ ሰጠመች የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ጥፋቱን በአንድ ሰው ትዕቢት ላይ ስለሚጥል ለመስማት ይቀላል። የመርከቧ አካል ሲመረመር ግን ከመሠረቷ ጀምሮ ሁለት የመድፍ ደርብ እንድትይዝ ታስባ መሠራቷን ያሳያል። ችግሩ በሌላ በኩል ተገኘ። ከውኃው በላይ ያለው ክፍሏ፣ መድፎቹ እንኳ ባይቈጠሩ፣ ሊሸከመው ከሚገባው በላይ በወፍራም እንጨት የተሠራ ነው፤ ከውኃው በታች ያለው ክፍሏም ያን ክብደት ተቋቁሞ ቀና ሊያደርጋት የሚበቃ ስፋት አልነበረውም። ስለዚህ ምርመራውን ያደረጉት ሰዎች የጠየቁት የመድፎቹ መታሰርም ሆነ የመርከበኞቹ ስካር መልሱን ሊያመጣ አይችልም ነበር፤ ንጉሡ እንዲያው የሌለውን ደርብ ጨመረ ማለትም አያስፈልግም። ያም ሆኖ የንጉሡ ችኮላ ከነገሩ ነጻ አይወጣም፤ ፈተናው አደጋውን ካሳየ በኋላ ለማረም ጊዜ ያሳጣው እርሱ ነውና።

ሁለተኛው ምስክርነት ስለ ሠራተኞቹ ነው። የመርከቧ አካል በጥንቃቄ በተለካ ጊዜ ግራና ቀኝ ጐኖቿ ትክክል ሳይሆኑ ተገኙ። በውስጧም አራት የአናጢ መለኪያዎች ተገኝተዋል፤ ሁለቱ በ12 ኢንች የሚከፈለውን የስዊድን ጫማ፣ ሁለቱ በ11 ኢንች የሚከፈለውን የአምስተርዳም ጫማ የሚያመለክቱ ናቸው። አለቃው አንድ ቍጥር ሲናገር ከልዩ ልዩ አገር የመጡት አናጢዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጫማ ይለኩ ነበር ማለት ነው። ይህ ልዩነት ብቻውን መርከቧን አሰጠማት ሊባል አይቻልም። ነገር ግን ውሉ፣ ደብዳቤውና የምርመራው ጽሑፍ ያልነገሩንን የዚያን ዘመን የሥራ ቦታ ኑሮ፣ ማለት የሁለት አገር ልማድ በአንድ እንጨት ላይ መገናኘቱን፣ አራት ቍራጭ እንጨቶች ይነግሩናል።

ሦስተኛው ምስክርነት በምሁራኑም ላይ የተነገረ ነው። መርከቧ ከወጣች በኋላ ቅርጾቿ በወርቅና በሰማያዊ ቀለም ያጌጡ እንደ ነበሩ ይታሰብ ነበር። በእንጨቱ ላይ የቀረው የቀለም ርዝራዥ በአጉሊ መነጽርና በኬሚስትሪ ሲመረመር ግን የጀርባው ቀለም ቀይ፣ ምስሎቹም በብዙ ዓይነት ደማቅ ቀለም የተቀቡ መሆናቸው ታወቀ። እንደዚሁም ከመርከቧ ቢያንስ የ15 ሰዎች አፅም ተገኝቶ ሲጠና፣ ከመካከላቸው አንዱ ለብዙ ጊዜ የወንድ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ2023 ዓ. ም. የዘር መለያ ምርመራ የሴት መሆኑ ተገለጠ። ባሕር ኃይሉ በዘመቻ ጊዜ ሳይሆን በአገር ውስጥ ውኃ ሚስቶች ከባሎቻቸው ጋር እንዲሳፈሩ ይፈቅድ ነበር። ከሰዎቹ አፅም ጋር የተገኙት ልብስ፣ ጫማ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ሣጥንና የጨዋታ ገበታ፣ ነገሥታት የማይጽፉትን የተራውን ሰው ሕይወት ያሳያሉ። ስድስቱ ሸራዎችም ተጠቅልለው እንደ ተቀመጡ ተገኝተዋል።

የቫሳ ምስክርነት ከሌላ መርከብ ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይብራራል። በዚያው የመርከብ መሥሪያ ኤፕለት የተባለች እኅቷ ተሠርታ በ1629 ዓ. ም. ወደ ውኃ ወርዳ ነበር። ይህች መርከብ ከቫሳ ጥቂት ሰፋ ተደርጋ የተሠራች ስትሆን፣ 30 ዓመት አገልግላ በ1659 ዓ. ም. በቫክስሆልም አጠገብ ሆን ተብሎ እንድትሰጥም ተደረገች። በ2021 ዓ. ም. የባሕር አርኬኦሎጂ ባለሙያዎች አገኟት፤ የእንጨቷም ምርመራ ዛፎቹ በ1627 ዓ. ም. የተቈረጡና የቫሳ እንጨት ከወጣበት አገር የመጡ መሆናቸውን አሳየ። አንድ መሥሪያ፣ የአንድ አገር ዛፍ፣ ጥቂት የስፋት ልዩነት፤ አንዷ አንድ ሰዓት እንኳ ሳትሞላ ስትጠፋ ሌላዋ 30 ዓመት ኖረች። ይህን ንጽጽር ለማድረግ የተቻለው የሁለቱም እንጨት በስፍራው ስለ ተገኘ ነው።

እዚህ ላይ በሌላ መንገድ የተጠበቁትን የእንጨት የጦር መርከቦች ማሰብ ይገባል። እንግሊዛዊቷ ቪክቶሪ በ1765 ዓ. ም. ወደ ውኃ የወረደች፣ በ1805 ዓ. ም. በትራፋልጋር ጦርነት አድሚራል ኔልሰን የሞተባት መርከብ ስትሆን፣ ከ1922 ዓ. ም. ጀምሮ በፖርትስመዝ በደረቅ ስፍራ ተቀምጣለች። አሜሪካዊቷ ኮንስቲቱሽን በ1797 ዓ. ም. በቦስተን ወደ ውኃ ወርዳ፣ በ1812ቱ ጦርነት ስም አግኝታ፣ እስከ ዛሬ ተንሳፍፋ በባሕር ኃይሉ መዝገብ ውስጥ ትኖራለች፤ በ1920ዎቹ ለማደስ ገንዘብ ሲሰበሰብ የተማሪ ቤት ልጆች ሳይቀሩ ሳንቲማቸውን አዋጥተውላታል። ሁለቱም የተጠበቁት ስላሸነፉ ነው። ከድል በኋላ ብዙ ዓመት ስለ ኖሩም እንጨታቸው በዝናብና በሻጋታ እየበሰበሰ በአዲስ ተተክቷል፤ ከቪክቶሪ ጥንታዊ አካል የቀረው ከ100 እጅ 20 ያኽል፣ ከኮንስቲቱሽንም ከዚያ ያነሰ እንደ ሆነ ይገመታል።

ይህ አጠባበቅ ነቀፋ የሚገባው አይደለም። ሳንቃ በሳንቃ በተተካ ቍጥር የመርከብ አናጢው ጥበብ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ስሙና ቅርጹ ሳይቋረጥ ይኖራል፤ ሕዝቡም መርከቧን እንደ ሕያው ነገር ያያታል። ነገር ግን ሁለቱ አጠባበቆች የሚያስገኙት እውቀት የተለያየ ነው። በአዲስ የተተካ ሳንቃ መርከቧ ምን ትመስል እንደ ነበረ ይናገራል፤ በየትኛው ጫማ እንደ ተለካች፣ ዛፏ ከየት እንደ መጣ፣ ቀለሟ ምን እንደ ነበረ ግን ሊናገር አይችልም። ከቫሳ አካል ከ100 እጅ ከ95 በላይ የመጀመሪያው እንጨት ነው፤ ይህም ሊሆን የቻለው መርከቧ ባለመሳካቷ ነው። ብትሳካ ኖሮ እንደ እኅቷ አገልግላ፣ አርጅታ፣ ተረስታም ትቀር ነበር።

ይሁን እንጂ እንጨቱ የተጠበቀበት ምክንያት ዛሬ የሚያጠፋው ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። የስቶክሆልም ወደብ ከከተማው በሚፈስስ ቈሻሻ የተበከለ ስለ ነበረ፣ በባሕሩ ወለል ኦክሲጅን አንሶ እንጨት የሚያበሰብሱት ፍጥረታት ሊበረክቱ አልቻሉም። በኦክሲጅን እጥረት የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን ድኝ ያለበት ጋዝ እያወጡ እንጨቱን በድኝ ሞሉት። መርከቧ ወደ አየር ከወጣች በኋላ፣ ከዛጉት ብሎኖች የወጣው ብረት እየረዳው፣ ድኙ ወደ ድኝ አሲድ መለወጥ ጀመረ። በ2000 ዓ. ም. ዝናብ በበዛበት በጋ ጐብኚዎች በልብሳቸው ይዘውት በገቡት እርጥበት የአዳራሹ አየር ሲለወጥ፣ በእንጨቱ ላይ የአሲድ ምልክት በብዛት ታየ። ከዚያ ወዲህ የአዳራሹ ሙቀትና እርጥበት በጥብቅ ይጠበቃል፤ ከ2011 እስከ 2018 ዓ. ም. ድረስም ከ5,000 የሚበልጡ የብረት ብሎኖች እየወጡ በማይዝግ ብረት ተተክተዋል።

ሌላው ችግር ክብደቷ ነው። መርከብ በሁሉ ወገን በውኃ ተደግፋ እንድትኖር የተሠራች ናት፤ በደረቅ ስፍራ በጥቂት ድጋፍ ላይ ስትቆም ግን አካሏ ቀስ በቀስ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከ2024 ዓ. ም. ጀምሮ አሮጌውን ድጋፍ በአዲስ የብረት ድጋፍ የመተካት ሥራ ተጀምሯል። እዚህ ላይ ጠባቂዎቹ በከባድ ምርጫ ፊት ይቆማሉ። ድጋፉን ለማብዛት ሲባል በአካሏ ላይ የሚደረግ እያንዳንዱ ለውጥ ከምስክርነቷ ጥቂት ይወስዳል፤ ምንም ባይደረግላት ደግሞ ምስክሯ ፈጽማ ትጠፋለች። ስለዚህ ማንኛውም ብሎን ሲወጣና ሲገባ የነበረበት ቦታና ሁኔታ ይመዘገባል፤ ወደፊት የሚመጣ ተመራማሪ አሮጌውን ከአዲሱ ለይቶ እንዲያውቅ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለታሪክና ለሕዝብ ልማድ ጥናት የሚገኘው ትምህርት እንዲህ ነው። የ1628ቱ ጽሑፍ ውሸት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውንና ሊናገር የሚደፍረውን ተናግሯል። ጽሑፉ የጐደለው ማንም ያላስተዋለው ወይም ማንም ሊናገረው ያልቻለው ነገር ነበር። ያ የጐደለው በእንጨቱ ውፍረት፣ በመለኪያው ርዝመት፣ በቀለሙ ርዝራዥ ውስጥ ተቀምጦ ቈየ። በሌላ በኩል ደግሞ ጽሑፉ ባይኖር የ30ዎቹ ሰዎች ሩጫ፣ የንጉሡ ደብዳቤዎችና የሹማምቱ ፍርሃት ከእንጨቱ ብቻ ሊታወቁ አይችሉም ነበር። ስለዚህ አንዱ ሌላውን የሚያርምና የሚያሟላ ሆኖ ሁለቱም ሊጠበቁ ይገባል። በ1961 ዓ. ም. መርከቧን ያወጡት ሰዎች እንጨቷ ስለ ቀለምና ስለ ዛፍ ዕድሜ ምን እንደሚነግር ሁሉን አያውቁም ነበር፤ አዲስ ሳንቃ ሳይተኩ አካሏን እንደ ተገኘ ስለ ጠበቁት ግን ከእነርሱ በኋላ የመጡት ሊጠይቋት ቻሉ። ዛሬም የሚጠብቋት ሰዎች ሥራ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ገና ያልተጠየቀው ጥያቄ በሚመጣበት ጊዜ መልስ የሚሰጠው እንጨት በስፍራው እንዲገኝ ማድረግ ነው።